ብረት ማንሳት የረጅም ርቀት ሯጭን ያከብዳል ወይስ ያፈጥናል?

የጦሳ ግርጌ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ ሲሆን 5,000 እና 10,000 ሜትር እሮጣለሁ። የዘወትር ልምምዳችንን ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ዳገቶችና ኮረኮንች መንገዶች ላይ እንሠራለን፤ ፈጣን ልምምድ ሲኖረን ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። የእኔ ችግር የትንፋሽ አይደለም። ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው ትንፋሼ እያለ እግሬ ይከዳኛል፤ እርምጃዬ ያጥራል፣ ወገቤ ይጎብጣል፣ ከኋላዬ የነበሩት ሯጮችም ጥለውኝ ይሄዳሉ። ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ብጀምር እንደሚሻለኝ የመከሩኝ ሰዎች አሉ፤ አብረውኝ የሚሮጡት አንጋፋዎች ግን «ብረት የነካ ሯጭ ይከብዳል፤ ለደሴ ልጅ ዳገቱ ይበቃዋል» ይላሉ። እውን ያከብዳል? ዳገቱስ ይተካዋል? አንድ ጊዜም ቢሆን ጂም ገብቼ የማላውቅ ስለሆንኩና በየወሩ የምከፍለውም ስለሌለኝ፣ ያለ ብረት የሚሠራ መንገድ ካለ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መምህሩ ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የብዙ ሯጮች ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አንጋፋዎቹ የሚፈሩት ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጂም ቤት ውስጥ የሚያዩት ሰው ደረቱንና ክንዱን ለማግዘፍ የሚሠራ ነው፤ እርሱም መካከለኛ ክብደት ይዞ በየዙሩ አሥርና ከዚያ በላይ ይደጋግማል፣ ለአንድ ጡንቻ ብዙ ዙር ይሠራል፣ ከሚያቃጥለውም በላይ ይበላል። ሯጭ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው። ከባድ ክብደት ጥቂት ጊዜ ብቻ አንስተህ በቂ ዕረፍት ስትወስድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚለወጠው በዋናነት የጡንቻው መጠን ሳይሆን የነርቭ ትእዛዝ ነው፤ ቀድሞ ሳይነቁ ይቀሩ የነበሩ የጡንቻ ክሮች በአንድነትና በፍጥነት መሥራት ይለምዳሉ፣ ጅማትም ይጠነክራል። በዚህ ላይ በየቀኑ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው እንኳን ሊገዝፍ ያለውን ጡንቻ ጠብቆ ማቆየቱም ያታግለዋል።

ይህ ደግሞ በጥናት የተፈተነ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጥናት በደንብ የሠለጠኑ ሯጮችን ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በትከሻቸው ብረት ይዘው በከፊል ቁጢጥ ብለው እንዲነሱ አደረገ፤ ልምምዱ 4 ዙር ሲሆን በየዙሩ 4 ጊዜ ብቻ ይነሳ ነበር፤ ክብደቱም አምስተኛውን ማንሳት የማያስችል ነበር። የሯጮቹ የሰውነት ክብደትም ሆነ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም አልተለወጠም፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ የሚያወጡት ጉልበት ግን በ5 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች፣ ከሯጮች የልምምድ ሰዓት ሲሶ የሚሆነውን በዝላይና በፈጣን የጉልበት ልምምድ ሲተኩት፣ ከ9 ሳምንታት በኋላ የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሽሎ አግኝተውታል፤ እዚያም የሳንባና የልብ አቅም አልጨመረም። ተጨማሪ ሰዓት ሳይሆን ምትክ እንደነበር ልብ በልልኝ፤ ብዙዎች ልምምዱን ሙሉ በሙሉ በነበረው ላይ ደርበው ሲደክሙ ጥፋቱን ለብረቱ ይሰጡታል።

ወደ ዳገቱ ልምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን የምንገኘው እኛ እንኳ ከ1,800 ሜትር በላይ ነን። የጦሳን ዳገት በፍጥነት ስትወጣ የሚያስቆምህ ማን እንደሆነ እስኪ አስተውል፤ ጭንህ ያለውን ሁሉ ሳይሰጥ ትንፋሽህ ይቀድመዋል። ስለዚህ ዳገት ልብን፣ ሳንባንና የጡንቻን ጽናት በሚገባ ያሠለጥናል፤ የጡንቻን የመጨረሻ ጉልበት ግን አይነካውም። ያንን ለመንካት ትንፋሽ ከጨዋታው የሚወጣበት ሁኔታ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ጥቂት ድግግሞሽ፣ ከባድ ክብደትና በዙሮች መካከል 3 ደቂቃ ያህል ዕረፍት ነው። አጭርና በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ለ8 ወይም ለ10 ሰከንድ በሙሉ ኃይል ሮጦ፣ በእግር እየተራመዱ ወርዶና በደንብ አርፎ መድገም ግን ወደዚህ የቀረበ ነው፤ እናንተ የምትሠሩት ይህንን ከሆነ አንጋፋዎቹ በከፊል እውነት አላቸው።

ሐይቅ ዳር፦

መምህር፣ ስለ ጥናቶቹ የጻፉት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጥናቶቹ የተሳተፉት በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች መሆናቸውን አጠንክረው ቢናገሩ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ 1,500 ሜትር ሮጬ ያቆምኩ ስሆን አሁን ታዳጊ ሴቶችን አሠራለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ ያለ ምንም ክብደት በአንድ እግር ቁጢጥ ብለው ሲነሱ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ዳሌያቸውም ወደ ጎን ይወድቃል። እንዲህ ያለችን ልጅ ብረት ማሸከም ጉድለቷን ማጠንከር ነው የሚሆነው። መጀመሪያ እንቅስቃሴው በትክክል ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ ክብደቱ ቀስ በቀስ ይጨመር።

ጠያቂውንም አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወንድሜ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከአቅምህ በላይ እየወጣህ አይደለም ወይ? በመጨረሻው እግር መክዳት ሁልጊዜ የጉልበት ማነስ ምልክት አይደለም፤ አነሳሱን ያልመጠነ ሯጭም፣ በቂ ምግብና እንቅልፍ ያላገኘ ሯጭም እንዲሁ ይሆናል። በተለይ ሴት ሯጮች ላይ የደም ማነስ ብዙ ጊዜ «ጉልበት የላትም» ተብሎ ስለሚታለፍ፣ ድካሙ ካልለቀቃት ልጅ ጋር ከብረቱ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ማስመርመር ይቀድማል።

የጦሳ ግርጌ፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። አነሳሴን በሰዓት ተከታትዬዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከመካከለኞቹ ብዙም አይፈጥኑም፤ ስለዚህ ችግሩ እዚያ ያለ አይመስለኝም። መምህር፣ ያለ ጂም እንዴት እንደምሠራው ቢያብራሩልኝ? አሸዋ በማዳበሪያ ሞልቶ መሸከም ይቻላል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ደግሞም ከመካከላችን ረመዳንን የሚጾሙ አሉ፣ ዐቢይ ጾምን የምንጾምም አለን፤ ሁላችንም አብረን ስለምንሠራ ለሁለቱም የሚሆን ነገር ብናገኝ እንወዳለን።

ብረት ቤት፦

ጂም ውስጥ ስለማሠራ ስለ ማዳበሪያው እኔ ልመልስ። ሙሉ ማዳበሪያ በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ማለትን አልመክርም፤ አሸዋው ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ወገብን ያጣምማል። ከዚያ ይልቅ ጠንካራ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ በትንሽ በትንሽ ከረጢት የታሰረ አሸዋ ጨምረህ በደረትህ በኩል እቀፈው፤ ከዚያም አንዱን እግርህን ከኋላህ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አሳርፈህ በፊተኛው እግር ቁጢጥ በልና ተነሳ። በአንድ እግር ስትሠራ የገዛ ሰውነትህ አብዛኛው ክብደት በአንድ ጭን ላይ ስለሚያርፍ፣ ለቀላል ሯጭ 15 ወይም 20 ኪሎ ሲጨመርበት በእውነት ይከብዳል። በየእግሩ ከ5 እስከ 6 ጊዜ፣ 3 ወይም 4 ዙር ይበቃል፤ የመጨረሻዋን ስትጨርስ አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚቀርህ ሆኖ ሊሰማህ ይገባል። 12 ጊዜ መሥራት ከቻልክ አሸዋው አንሷል ማለት ነው።

ባትህን አትርሳ። ሯጮች ስለ ጭን ብዙ ያወራሉ፤ በሩጫ ጊዜ ግን ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሆን ጫና የሚሸከመው የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ቆመህ፣ ተረከዝህን ዝቅ አድርገህ ቀስ ብለህ ከፍ በል፤ አንዱን ዙር ጉልበትህን ዘርግተህ፣ ሌላውን ትንሽ አጥፈህ ሥራው።

መምህሩ ከኮምቦልቻ፦

ብረት ቤት ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ጊዜው ነው። ሯጮች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የጉልበት ልምምዱን በዕረፍት ቀናቸው ላይ ማድረጋቸው ነው፤ በዚህም ምክንያት ሳምንቱ ሙሉ ከባድ ይሆንባቸዋል። ጠዋት ኢንተርቫል (ፈጣን ሩጫና አጭር ዕረፍት እየተፈራረቁ የሚሠራ ልምምድ) የሠራህበትን ቀን ምረጥ፣ ቢያንስ 6 ሰዓት አርፈህና በልተህ ከሰዓት በኋላ የጉልበቱን ሥራ፤ ቀላል ቀንህ እውነተኛ ቀላል ሆኖ ይቆይ። በሳምንት 2 ቀን በቂ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመ ታዋቂ ጥናት ሩጫና ብስክሌትን ከክብደት ጋር አብረው በብዛት የሠሩ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጉልበት እድገታቸው ቆሞ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ የጽናት አቅማቸው ግን እንዳልተጎዳ አሳይቷል። ሁለቱ ሲጋጩ የሚጎዳው ጉልበቱ እንጂ ሩጫው አለመሆኑ ለእናንተ መልካም ዜና ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ በጾም ወራት አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ የተገኘውን ለመጠበቅ በሳምንት 1 ቀን፣ ክብደቱ ሳይቀንስ ዙሩ ግን ቀንሶ ቢሠራ ይበቃል። ረመዳንን የሚጾሙት ከኢፍጣር በኋላ ጥቂት ቆይተው ቢሠሩ ውኃም ምግብም ያገኛሉ። በዐቢይ ጾም ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ከእንጀራ ጋር ሲበሉ አንዱ የሌላውን የፕሮቲን ጉድለት ስለሚሞላ ችግሩ የዓይነት ሳይሆን የመጠን ነው፤ ጡንቻውን በክብደት ለሚያሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ ይህም ለ55 ኪሎ ሯጭ 88 ግራም ስለሚሆን በአንድ ሳህን ሽሮ አይገኝም።

ሐይቅ ዳር፦

በዚህ እስማማለሁ። ውድድር ሲቃረብስ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ እስከ ዋዜማው ድረስ ይሠራሉ።

መምህሩ ከኮምቦልቻ፦

የመጨረሻው ከባድ ቀን ከውድድሩ 10 ቀን ገደማ በፊት ይሁን፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ግማሹን ዙር ብቻ ሠርቶ መተው ነው። ጉልበቱ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ አይጠፋም፤ የእግር ድካሙ ግን ይለቃል።