በቫኪዩም የታሸገ የባሕር ዓሣ ለምን ይሸታል?

ቁራጭ_ኮድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አውሮፓ ዓሣ መሸጫ ለምትሠሩና የምግብ ሳይንስ ለምታውቁ ጥያቄ አለኝ። በረዶ ቤት ያልገባ ኮድ (የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ) ተቆርጦ በቫኪዩም፣ ማለትም አየሩ ተመጥጦ፣ ይታሸጋል፣ ፍሪጁ 5 ዲግሪ ነው። በስድስተኛው ቀን ከረጢቱ ሲቀደድ አሞኒያ የሚመስል ሽታ ይወጣል። አየር ከሌለ ባክቴሪያው ምን እየተነፈሰ ይራባል? የሐይቁ ዓሣ ቆሮሶ በዚሁ አሠራር ይህን ያህል አይሸትም። ሎሚ ብንቀባውስ?

ስንጥብ፦
«ምን እየተነፈሰ» ያልከው ቁልፉ ነው። የባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ነገር አለ፤ ጨዋማው ባሕር የሰውነቱን ውኃ መጥጦ እንዳያደርቀው ይረዳዋል። ሸዋኔላና ፎቶባክቴሪየም የተባሉት የባሕር ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ በእሱ ይተነፍሳሉ። የሚተርፈው ትራይሜቲላሚን ነው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ሸዋኔላ በተጨማሪ የገማ እንቁላል ሽታ ያለውን ጋዝ ታወጣለች። የሐይቅ ዓሣ በአብዛኛው ይህ ነገር ጥቂት ነው ወይም የለውም፣ ስለዚህ ቆሮሶ ሲበላሽ ሽታው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዴንማርክ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ታሽጎ የቀዘቀዘ ኮድን በዋናነት የሚያበላሸው ፎቶባክቴሪየም ፎስፎሪየም ነው። በአየር ፈንታ ከረጢቱ ውስጥ የሚሞላ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ብዙ አይበግረውም። በግራም 10 ሚሊዮን ሲደርስ ዓሣው ይሸታል፤ ሸዋኔላ ግን ለዚያው ሽታ 100 ሚሊዮን ያህል ያስፈልጋታል።

በረዶ_አካፋ፦
የማሸጊያ ማሽኑን ተውትና ፍሪጁን እዩት። የባሕር ዓሣ በ5 ዲግሪ የሚበላሸው በ0 ከሚበላሸው ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ነው፣ በ10 ዲግሪ አራት እጥፍ። በ0 ሁለት ሳምንት የሚቆይ ኮድ በ5 ስድስት ቀን ገደማ ነው፤ የእርስዎም ስድስተኛ ቀን ከዚህ የመጣ ነው። ቁራጩን ሳይታሸግ ወይም ታሽጎ በተፈጨ በረዶ ቅበሩት። 20 ኪሎ ዓሣ ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ለማውረድ ብቻ 5 ኪሎ በረዶ ይቀልጣል፤ ሳጥኑ ከውጭ የሚስበው ሙቀት ሲጨመር ግን ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ካላደረጉ አይበቃም። የቀለጠው ውኃ ከታች መውጫ ይኑረው፣ ዓሣው በራሱ ልጋግ ውስጥ መንሳፈፍ የለበትም።

ቁራጭ_ኮድ፦
ሎሚውስ? ቱናም በዚሁ መንገድ ይያዛል?

ስንጥብ፦
ሎሚ ሽታውን ያስረዋል እንጂ መበላሸቱን አያቆምም። ትራይሜቲላሚን አሲድ ሲያገኝ ጨው ይሆንና ወደ አየር አይወጣም፤ ባክቴሪያው ግን እዚያው ነው። ለማብሰያ ሎሚ ይጨመር፣ የቆየ ዓሣ ለመሸጥ ግን ማታለል ነው (በእኔ አስተያየት ከዚህ የባሰ የለም)።

ቱናና ማኬሬል ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ ሂስታሚን። ሞርጋኔላ ሞርጋኒን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በሥጋው ውስጥ ካለው ሂስቲዲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ይሠሩታል። ዓሣው ሳይሸት ሊመርዝ ይችላል፤ ፊት ይቀላል፣ ራስ ይመታል፣ ቆዳ ያሳክካል። ባክቴሪያው ቢሞትም ሂስታሚኑ በመጥበስም በማቀዝቀዝም አይጠፋም። ስለዚህ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ማብረድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማረሚያ የለውም።

በረዶ_አካፋ፦
አንድ ልጨምር። በረዶ የሆነ ዓሣ ፍሪጅ ውስጥ ሲፈታ ቫኪዩም ከረጢቱን መጀመሪያ ቅደዱት። ቦቱሊዝም የተባለውን ነርቭ የሚያሽመደምድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ዓይነት ኢ፣ ከ3.3 ዲግሪ ጀምሮ፣ ኦክስጅን በሌለበት ያድጋል፤ መርዙም ሽታ ሳይሰጥ ሊሠራ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ዓሣው ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ቢታይ አትደንግጡ፣ ያ ራሱ ፎቶባክቴሪየም ነው፤ ብርሃኑ መርዝ አይደለም፣ ግን ባክቴሪያው መብዛቱን ይነግራችኋል።

ቁራጭ_ኮድ፦
ገባኝ። ነገ ቴርሞሜትሩ ፍሪጁ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በሁለት ቁራጭ መሃል ይገባል።