አስቸኳይ፦ ቅዳሜ የሚሰቀለው የቁራጭ ጨርቅ ሥዕሌ እየተላቀቀ ነው

ቁራጭ ሰብሳቢ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40)

የሚያውቅ ሰው በፍጥነት ይርዳኝ። ሁለት ወር የለፋሁበት ሥራ ዛሬ ማታ የሸፈንኩበትን ላስቲክ ስገልጠው ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀኝ። ሐይቅ ዳር የቆመ አባ ኮዳ (ትልቁ ወፍ) ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከቁራጭና ከውዳቂ የተሠራ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ቀይ ነጩን ሰማይ በክሎታል። ውኃው ከዳር እየተነሣ ነው። መሐሉ ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያህል አየር ቋጥሯል። ጣውላው እንደ ሰፌድ ጎብጧል፤ ሽታም አለው። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይሰቀላል፤ ስሜ መጥሪያው ላይ ታትሞ ወጥቷል። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ የማይለቅ ጠንካራ ማጣበቂያ ሐዋሳ ውስጥ የት ይሸጣል?

ታቦር ሥር

ምኑን፣ በምን፣ ምን ላይ እንደለጠፍሽው አልነገርሽንም። «ውኃው ከዳር እየተነሣ ነው» ስትዪማ የሐይቁን መስሎኝ በረንዳ ወጥቼ አየሁ።

ማስቲሽ ብቻ

ማስቲሽ ግዢ። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን። አለቀ።

የሥነ ጥበብ መምህር

እህቴ፣ በመጀመሪያ አትደንግጪ። የያዝሽው ሥራ ረጅም ታሪክ ያለው መሆኑን ማወቅ ያጽናናሻል። ፒካሶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 የወንበር ሽመና የታተመበት ሙሻማ ሸራው ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ ሲከበው፣ የሥዕል ትርጉም ራሱ ተናወጠ። ቀለም ብቻ የነገሠበት ሸራ ላይ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ልብስ ወጣበት ማለት ነው። በእኛ አህጉር ጋናዊው ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ የአሉሚኒየም ክዳኖችን እየቀጠቀጠና በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚሸፍን ጨርቅ የሚመስል ሥራ ይሠራል። ከእኛው አገር ኤልያስ ስሜን ውሰጂ። ቀደም ባሉት ዓመታት ክርና ቁልፍ ሸራ ላይ ሲሰፋ ቆይቶ፣ በኋላ ከመርካቶ የሚገዛቸውን የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ወደ ትልልቅ ሥራዎች ለወጣቸው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመውን ዞማ ሙዚየምን አዲስ አበባ ስትሄጂ ሳታዪ አትመለሺ። እነዚህ ሁሉ ውዳቂን ሲያነሡ ስለ ፍጆታ፣ ስለ ትውስታ፣ ስለ እጅ ሥራ ክብር ጥያቄ እያነሡ ነው። የአንቺስ አባ ኮዳ የሚጠይቀው ምንድን ነው? እስኪ እሱን ቀድመሽ አስቢበት።

ታቦር ሥር

አባ ኮዳው የሚጠይቀው ማጣበቂያ ነው፣ መምህር።

ቁራጭ ሰብሳቢ

ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። ሰማዩ የእናቴ አሮጌ ነጠላ ነው። የአባ ኮዳው ገላ ከልብስ ሰፊ ቤት የለቀምኩት የግራጫ ሱፍ ቁራጭ፣ እግሮቹ ዚፕ፣ ዓይኑ የካፖርት ቁልፍ። ቀዩ ከአሮጌ መጋረጃ ነው። ውኃው ሰማያዊ ፌስታል እየቀደድኩ የደረደርኩት ነው፤ ከፊት ለፊቱ ከዓሣ ገበያው ያመጣሁት የተበጠሰ መረብ አለ። ሥሩ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ስፋቱ 120 በ80 ሳንቲ ሜትር። ማጣበቂያው የአናጺዎች ነጭ ኮላ ነው፤ ወፍራም ስለሆነብኝ እኩል ውኃ ጨምሬ አቀጠንኩት። ቤቴ በሐምሌ ስለሚያፈስ እንደጨረስኩ በላስቲክ ሸፍኜ አስተኛሁት። ሳምንት ሆኖታል።

አልጫ ወጥ

ቀዩን አትንኪው። «ሥጋ ቤት ደጃፍ የዋለ አባ ኮዳ» ብለሽ ርዕስ ስጪው።

እሌኒ ከአቶቴ

ቀለም ለለቀቀ ልብስ ጨውና ኮምጣጤ ነው መድኃኒቱ። እኔ ሁልጊዜ አዲስ ልብስ መጀመሪያ በጨውና በኮምጣጤ ዘፍዝፌ ነው የማጥበው። ካልሆነ ነጩ ላይ በጥጥ በረኪና ነካ ነካ ማድረግ ነው።

ቀለም ነካሪ

እሌኒ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ምክር ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ዝም ማለት አልቻልኩም። ጨው ነከራው ላይ ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲገባ ያግዛል እንጂ፣ ከተነከረ በኋላ ቀለምን አስሮ አያስቀምጥም። ኮምጣጤ ለሱፍና ለሐር ቀለም ይጠቅማል፤ ለጥጥ ምንም አያደርግለትም። ከሁሉ በላይ ኮምጣጤ የነካውን ነገር በበረኪና መንካት የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ብቻውን እንኳ ሱፉን ይበላዋል።

ጠያቂዋ፣ የፈሰሰው ቀለም ከተለጠፈ ጨርቅ ላይ አይወጣም። ለሚቀጥለው ግን ማንኛውንም ቀይና ጥቁር ቁራጭ ከመጠቀምሽ በፊት በሞቀ ውኃ አርሰሽ በነጭ ጨርቅ መሐል አድርገሽ ተጫኚው። ነጩ ላይ ካተመ ሥራ ላይ አይገባም።

እሌኒ ከአቶቴ

ሃያ ዓመት በጨው አጥቤ ማንም አልሞተብኝም።

ማስቲሽ ብቻ

ማስቲሽ ውኃ አይፈራም። ኮላ ውኃ ስለሆነ ነው ቀዩን ያስለቀቀው። ማስቲሽ ብትጠቀሚ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ቀለም ነካሪ

ያልከው ግማሹ ትክክል ነው፣ ቀዩን ያስለቀቀው ውኃው ነው። ነገር ግን ማስቲሽ ቀጭን ነጠላ ላይ ሰርጎ ይወጣና እያደር ቢጫ ይሆናል። ሽታውም በተዘጋ ቤት ራስ ያዞራል። ፌስታልን ደግሞ እሱም በደንብ አይዝም።

ሰው ምን ይላል

አልገባኝም። ይህ ነገር እኮ ድሪቶ ነው። አያቶቻችን ሲቸግራቸው ጣጥፈው ለበሱት፤ እናንተ ደግሞ ሆቴል ትሰቅሉታላችሁ። የእናቷን ነጠላ ቀድዳ ጣውላ ላይ ከመለጠፍ አጥባ ብትለብሰው አይሻልም?

ታቦር ሥር

ድሪቶ ቢሆንማ ኖሮ ባልተላቀቀ ነበር። ድሪቶ በመርፌ ነው የሚሠራው። የማንም አያት ልብሱን በኮላ ለጥፎ አልለበሰም።

ባለሲንጀሩ

ከላይ ያለው ልጅ ቀልዶ ቁም ነገሩን ተናገረ። እኔ አረብ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥዕል አላውቅም፣ ጨርቅ ግን አውቃለሁ። መምህሩ የጠሯቸውን ሰዎች ልብ በዪ፤ አንዱ በክር ይሰፋል፣ ሌላው በሽቦ ያስራል። ልጄ፣ ማጣበቂያ የት ይሸጣል ብለሽ ጠየቅሽ፤ ያንቺ ችግር የማጣበቂያ አይደለም። ፌስታል ኮላ አይጠጣም፤ አንድም ኮላ አይዘውም። ቢደርቅ እንደ ሽንኩርት ቆዳ ይላጣል። እሱን በክር እንጂ በሌላ አታስታርቂውም።

እንዲህ አድርጊ። ዛሬ ሌሊት ላስቲኩን ጣዪው፤ ሥራውን ግድግዳ ላይ አስደግፈሽ አቁሚውና ማራገቢያ ካለ ክፈቺለት። የሸተተው ሳምንት ሙሉ ሳይደርቅ ስለታፈነ ነው። ፀሐይ ላይ አታውጪው፤ ይብሱን ይጎብጣል። ነገ ማታ ወደ አየሩ ትመለሻለሽ። ነጭ ኮላ ሲሞቅ እንደገና ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አልብሰሽ በደረቅ ካውያ፣ ያለ እንፋሎት፣ አሥር ሰከንድ ያህል ተጫኚው፤ ከዚያ መጽሐፍ ጭነሽበት እስኪቀዘቅዝ ተዪው። ሥሩ ኮላ ያጣ አየር ካለ ከመድኃኒት ቤት መርፌ ገዝተሽ በቀዳዳው ኮላ ውጊለት። አደራ፣ ካውያው ፌስታሉ አጠገብ እንዳይደርስ። የጥጥ ሙቀት ላይ ያለ ካውያ ፌስታልን እንደ ሻማ ያቀልጠዋል።

ካውያ ከማስነካትሽ በፊት ከየቁራጩ ጥፍር የምታህል ክር ምዘዢና በጉጠት ይዘሽ የውኃ ሳህን ላይ አቃጥዪ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ሱፍ ፀጉር ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ስታርቂው ራሱን ያጠፋል። ቀልጦ እንደ ጨሌ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው፤ ካውያውን ቀንሺለት። «ሱፍ» ብለው የሚሸጡት ግማሹ ሱፍ አይደለም።

ለውኃው፣ መረቡን ከፊት ከማንጠልጠል ይልቅ ፌስታሉ ላይ ዘርጊውና መረቡን ከጣውላው ጋር ስፊው። መረቡ ፌስታሉን አቅፎ ይይዘዋል። ሐይቁም የበለጠ ሐይቅ ይመስላል። በባለ 2 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ በየአራት ጣቱ ቀዳዳ አውጪ፤ ክሩን በሰም አሽተሽ በጆንያ መርፌ አስገቢ።

ቀዩን በተመለከተ፣ የቬሎ ቁራጭ አለኝ። ቀጭን ነው፣ ያሳያል፣ ግን ያደበዝዛል። ሁለት ሦስት እጥፍ አድርገሽ አንገቱ አካባቢ ብትሰፊው የጠዋት ጉም ይሆንልሻል። በሐምሌ ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም ማን ይጠይቅሻል? ሱቅ ነይ፣ እሰጥሻለሁ፤ የጆንያ መርፌም አለኝ።

አናጺ ነኝ

ጋሼ ልክ ብለዋል፤ ስለ ጉብጠቱ ግን ማንም አልተናገረም። ፊቱ ላይ የተቀባው ውኃና ኮላ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ጣውላውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ጀርባው ላይ ደግሞ የሚጎትት የለም። ስለዚህ ጀርባውንም ሙሉ በሙሉ ኮላ ቀብተሽ ጋዜጣ ወይም አሮጌ አንሶላ ለጥፊበት፤ ሲደርቅ በተቃራኒው ይስበዋል። ከዚያ በአራቱ ጠርዝና በመሐሉ ሞራሌ (ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ) አድርጊበት። ከጀርባ ረጅም ብሎን እንዳታስገቢ፤ ጣውላው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአባ ኮዳው ዓይን ይወጣል። ኮላ ቀብተሽ ከፊት በኩል ትንንሽ ምስማር ጨርቁ ሥር ደብቀሽ ምቺ።

ባለሲንጀሩ

ትክክል። ግን ስፌቱ ይቅደም። ጀርባው ከታሸገ መርፌው የት ወጥቶ የት ይገባል?

አናጺ ነኝ

እሺ፣ ስፌት ይቅደም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ኮላ አንድ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ቢሰቀል ኃላፊነት የለብኝም።

ሰው ምን ይላል

ጣውላውን ትታ የቡና ጆንያ ላይ ብትሰፋው አይጎብጥም ነበር። ሲዳማ ውስጥ ተቀምጦ ጆንያ ጠፋ?

ታቦር ሥር

አሁን ከድሪቶ ተቃዋሚነት ወደ ድሪቶ አማካሪነት አደግህ። ደግሞ ጆንያው ትክክለኛው ጆንያ ይሁን፤ ማዳበሪያ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ያው የፌስታሉ ወንድም ነው።

የሥነ ጥበብ መምህር

ስለ ርዕሱ አስበሻል?

ቁራጭ ሰብሳቢ (ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 6፡15)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ቬሎውንና መርፌውን ስለሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሻዩንም። መጋረጃውን አቃጥዬ አየሁት፣ እንደ ወረቀት ነደደ፣ ጥጥ ነው። «ሱፉ» ግን ቀለጠ። ዕድሜዬን ሙሉ ሱፍ ነው ብዬ!

አየሩ ወርዷል። በካውያው በእውነት ተኛ፤ ከሩቅ አይታይም። ሰማዩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ትንሽ እጥፋት ቀርታለች፣ የእናቴ ነጠላ ጥለት ሲጀምር ያለችው፤ እሷን ትቻታለሁ። ጥፋት ግን አጠፋሁ። አንዱ እግር ዚፑ የላስቲክ መሆኑን ያወቅሁት ካውያው ላይ ተጣብቆ ሲቀር ነው። አሁን አባ ኮዳው በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ሌላ የሚመስል ዚፕ የለኝም። መረቡን ግማሽ ድረስ ሰፍቼአለሁ፤ ጣቴ ተበሳስቷል። ሞራሌውን ነገ በጠዋት እፈልጋለሁ።

አልጫ ወጥ

አባ ኮዳ እኮ በአንድ እግሩ መቆም ይወዳል። ዓሣ ገበያው ሄደሽ እዪ፤ አንዱን አጥፎ እንደ ጡረተኛ ሲያንቀላፋ ታገኚዋለሽ። እግር አትቀጥዪለት።

አናጺ ነኝ

4 በ5 ሞራሌ። ደረቁን ምረጪ፤ እርጥብ ከሰጡሽ እሱ ራሱ ይጎብጥና ጣውላውን ይዞት ይሄዳል።

እሌኒ ከአቶቴ (እሑድ)

እንዴት ሆነ? ተሰቀለ?

ታቦር ሥር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎራ ብዬ ነበር። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ አዳራሹ ጠባብ። አባ ኮዳ አላየሁም፤ ግን የኋላው ክፍል ሳልገባ መብራት ጠፋ።

ባለሲንጀሩ

ልጄ፣ ቢሰቀልም ባይሰቀልም የጆንያ መርፌውን መልሺልኝ። አንድ ነው ያለኝ።

አዲስ አባል (ከሁለት ወር በኋላ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል። ከቆርኪ የሠራሁት የመስቀል አበባ ከሸራው ላይ እየረገፈ ነው፤ የፊታችን ሰኞ ነው የሚፈለገው። በምን ላያይዘው?

ማስቲሽ ብቻ

ማስቲሽ።