ከሶፍትዌር አፕዴት በኋላ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ኤሲ ማቀዝቀዝ አቆመ

ሰላም ወገኖች፣ ያለሁት አዳማ ነው። መኪናዬ ከቻይና የገባ፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በስልኬ ሆትስፖት ሶፍትዌሩን ካደስኩት ወዲህ ኤሲው የሚነፋው ሙቅ አየር ብቻ ነው። ማራገቢያው ይሠራል፤ ስክሪኑም 18 ዲግሪ ያሳያል።

የባለ 12 ቮልት ባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅዬ መለስኩ፣ ስክሪኑን ሪሴት አደረግኩ፣ ፊውዞቹን አየሁ። ለውጥ የለም። ጋራዥ የግፊት መለኪያ (ጌጅ) ሲገጠምለት፣ ኤሲው በርቶም የሁለቱ የጋዝ መስመሮች (የከፍተኛውና የዝቅተኛው) ግፊት እኩል ነው፤ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ጭራሽ አይዞርም ማለት ነው። የምርመራ ማሽኑም ፍጥነቱን ዜሮ ይላል፣ የስህተት ኮድ ግን አያወጣም። መካኒኩ ጋዝና ዘይት እንጨምር ቢለኝ እምቢ አልኩ። ይሄ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው፤ የነዳጅ መኪናው ዘይት ከገባበት ሊያበላሸው ይችላል። ሙቀቱንስ መስኮት ከፍቼ እችለዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ዋናውን ባትሪ የሚያቀዝቅዘውም ይኸው ጋዝ መሆኑ ነው፤ በዚህ ፀሐይ ፈጣን ቻርጀር ላይ መሰካት ፈርቻለሁ።

ይህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ኮምፕረሰሩን መልሶ ያስነሳላችሁ ወደ ቀድሞው ሶፍትዌር መመለስ ነው ወይስ የኤሲ መቆጣጠሪያውን በማሽን እንደገና ፕሮግራም ማድረግ?