የጋዝ ሴንሰሬ ሬዚስታንስ ወደ ቦታው አልመለስ አለኝ

ድሬዳዋ ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ለጋዝ ሴንሰር እንዲሆነኝ ከዚንክ አሴቴት ተነስቼ በሶል-ጄል መንገድ (ፈሳሽ ውህድ ወደ ጄል ተለውጦ በሙቀት ሲደርቅ) የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ፊልም ሠራሁ። ተራ የማይክሮስኮፕ ስላይድ ላይ ስድስት ንብርብር ነው። በ450 ዲግሪ ለ1 ሰዓት በምድጃ አቆየሁት። በሲልቨር ፔስት (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ቅባት) ሁለት ኤሌክትሮድ ቀባሁለት። 300 ዲግሪ ላይ እያሞቅኩ ሬዚስታንሱን (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) በመልቲሜትር እለካለሁ።

የኢታኖል ትነት ሲገባ ደስ ይላል። ሬዚስታንሱ ከ2 ሜጋኦም ወደ 400 ኪሎኦም ይወርዳል። የሚጠበቅ ነው፤ ፊልሙ ላይ የተጣበቀው ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይዞ ነበር፣ ኢታኖሉ ከኦክስጅኑ ጋር ሲዋሃድ ኤሌክትሮኑ ይለቀቃል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ንጹህ አየር አስገብቼ 40 ደቂቃ ብጠብቅም 1.3 ሜጋኦም ላይ ይቆማል። በሚቀጥለው ዙር ከዚያም ዝቅ ይላል። እንዲህ ከሆነ የትኛውን ቁጥር መነሻ (በንጹህ አየር ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ) ብዬ ልመዝግብ?

መጀመሪያ እርጥበት መሰለኝ። አየሩን እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል አሳለፍኩት፤ ለውጥ የለም። ኤሌክትሮዱን ፍቄ እንደገና ቀባሁ፤ ያው ነው። ሙቀቱን 350 ሳደርሰው መመለሱ ትንሽ ፈጠነ፣ መነሻው ግን አሁንም ይንሸራተታል። ከ500 ዲግሪ በላይ መሄድ አልደፈርኩም፤ መስታወቱ ይለሰልሳል።

አንድ ያልሞከርኩት ነገር አለ። መብራት ስለሚቆራረጥ ፊልሙን ከ2 ሰዓት በላይ በተከታታይ አሙቄው አላውቅም። ለረጅም ማሞቂያ ባትሪና ኢንቨርተር መዋስ ይኖርብኛል፣ እሱም ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚገኘው።

በዚህ ዓይነት ፊልም የሠራችሁ፣ መለካት ከመጀመራችሁ በፊት መነሻው እስኪረጋ በሥራ ሙቀቱ ላይ ሳታቋርጡ ለስንት ሰዓት አቆያችሁት?