ባልደረባዬን እንዴት ልርዳት?

ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከሥሬ ካሉት ልጆች ጎበዟ፣ ከሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ወዲህ ልክ አይደለችም። ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍተው መልሳ ይዛው ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። "ምን ሆንሽ?" ስላት "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" አለች። ሐኪም ጋ እንሂድ አልኳት። እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ "አማኑኤል ሄደች ከተባልኩማ አለቀልኝ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ 3 ወር ያለ ክፍያ። ግን የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። እኛ ቢሮ ደግሞ ወረቀቱ ፋይል ሳይገባ ወሬው ይዳረሳል። የጨነቀኝ ይሄ ነው።

ሥራዋን እየተካፈልንላት ነው፤ ቅዳሜም አትገባም። አለቃዬ ግን "ሁላችንም ደክሞናል እኮ" ይላል።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ማስረጃው የሕመሙን ስም ሳይጠቅስ ሊጻፍ ይችላል? እሷንስ ሳላስጨንቅ እንዴት ላግባባት? እሺ ካለችኝ ሰኞ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት እሄዳለሁ።