«እረኛ ምን አለ?» ማለት ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፖለቲካ የሚጽፉ ሰዎች ነገር ሲከርባቸው «እረኛ ምን አለ?» ይላሉ። አውዱ ይገባኛል፣ ግን እረኛው እዚህ ምን ይሠራል? ደግሞስ ሰምና ወርቅ የሚባለው ከንጉሥ ለመደበቅ የመጣ ዘዴ ነው?

ቀለም ቀንድ፦ እንደሚተረከው የቤተ መንግሥት ጥያቄ ነው። ንጉሥ አገሩ ስለሱ ምን እንደሚያወራ ለማወቅ ባለሟሉን ቢጠይቅ የሚሰማው ሙገሳ ነው። እረኛ ግን ልጅ ነው፣ ውሎው ከከብት ጋር ነው፣ ማታ እሳት ዳር አዋቂዎች ሲያንሾካሹኩ የሰማውን ጠዋት ሜዳ ላይ ግጥም አድርጎ ይለቀዋል። «አዝማሪ ምን አለ?» የሚባለውም ያው ነው። ዛሬ ስንለው «ሕዝቡ የሚለውን ስሙ» ማለታችን ነው።

ሰምና ወርቅ መደበቂያ ነው የሚለውን ግን አልስማማበትም። የድሮ መኳንንት ቅኔ እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ ወርቁ አያመልጣቸውም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ተናጋሪው «ኧረ እኔ እንዲህ አልወጣኝም» የሚልበት ቀዳዳ ያገኛል። ሰሚውም ካልፈለገ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። ለምሳሌ ይቺን አሁን ገጠምኳት፣ አትሳቁብኝ፦

ጎተራው ባዶ ነው፣ ምን አለኝ የምሸጥ፣
ገዢ ከደጄ ላይ ጠዋት ማታ ሲያፈጥ።

ኅብሩ፣ ማለት ሁለቱን ትርጉም የሚሸከመው ቃል፣ «ገዢ» ላይ ነው። በሰሙ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ፣ በወርቁ አገር የሚገዛ ባለሥልጣን። «የምሸጥ» የሚለውም አለ። ሲላላ ሻጩ እኔ ነኝ፣ ሲጠብቅ ግን ተሻጩ እኔው ነኝ! ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሳንሱር ክፍል የተቀመጠ ሰው ምን ብሎ ይሰርዘዋል? ያጠበቀው አንባቢው ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ግጥሟ አልከፋችም። ግን ግጥም ሁልጊዜ ያስጥላል እንዳትል። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹና ካሳ (ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) ሲዋጉ የሆነውን ታውቃለህ። የጎሹ አዝማሪ ካሳን በግጥም ሲሰድብ ነበር፣ ያውም ሰም በሌለው ግልጽ ስድብ። ጎሹ ሞቱ፣ አዝማሪው ተማረከ። «እንዴት ብለህ ነበር የሰደብኸኝ?» ተብሎ ሲጠየቅ እንዲህ አለ፦

አወይ ያምላክ ቁጣ፣ አወይ የግዜር ቁጣ፣
አፍ ወዳጁን ያማል የሚሠራው ሲያጣ፣
ሽመል ይገባዋል የአዝማሪ ቀልባጣ።

በራሱ ላይ ፈረደ። በሽመል ተደብድቦ ሞተ። እኔ ሁሌ የሚገርመኝ ሰውዬው ሞት ፊት ቆሞም ቤት መምታቱ ነው።

ቀለም ቀንድ፦ ልክ ነህ። «ያማል»ንም እያት እንግዲህ። ላልታ «ሐሜት»፣ ጠብቃ «ሕመም»። ሰዋስዉ ትንሽ ቢጎረብጥም ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል።

ጠያቂ፦ «ቀልባጣ» ምንድን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ምላሱን የማይገታ፣ ቅብጥብጥ፣ ለፍላፊ። አሁን ብዙም አይሰማም። «አዝማሪ» ራሱ ግን የሚያሳዝን ቃል ነው። ሥሩ ዘመረ ነው፣ መዝሙርም መዘምርም ከዚያው ነው የወጡት። የመቅደሱ ተከብሮ የመንገዱ መናቂያ ሆነ። ጣሊያን ግን አልናቃቸውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ እንዲገደሉ ከታዘዘባቸው ሰዎች ውስጥ ከጠንቋዮች ጋር አዝማሪዎችም አሉበት። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘ እኩል አስፈራ ማለት ነው።

እንግዳ፦ ጣልቃ ልግባ። ሁላችሁም ኅብር ኅብር ትላላችሁ፣ ዘመን የለወጠው ግጥም ግን ሰሙን የጣለው ነው። 1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የግጥም መድረክ፣ በኮሌጅ ቀን የቀረበው የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ርዕሱ ላይ ምን ኅብር አለ? ደሃው፣ ይናገራል። አለቀ። እነዚያ ተማሪዎች ዙሪያ ጥምጥም የሰለቻቸው ይመስለኛል።

ቀለም ቀንድ፦ ይሄን እቀበላለሁ፣ ግን በከፊል። «ይናገራል» ማለቱ ራሱ እኮ እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ነበር፣ ሌላ ሰው ነበር የሚናገርለት ማለት ነው። እረኛ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳይጠብቅ እረኛው ተነሥቶ ተናገረ። ሰም አልባ ግጥም ደፋር ነው፣ ግን ከዓመታት በኋላም ሰው በቃሉ ይዞ እንዲቀባበለው ከተፈለገ ኅብር ያለው ሳይሻል አይቀርም። ቢያንስ አፍ ላይ ይቆያል።

እንግዳ፦ አፍ ላይ ይቆያል፣ አዎ፣ የደሃው ሆድ ግን አፍ ላይ በሚቆይ ነገር አይሞላም። ለማንኛውም ያቺን የጎተራዋን ግጥም ሁለት ስንኝ ጨምርባት፣ ሻጩ መልስ ሳይሰጥ ቀረ።