የቴዎድሮስን መንገድ በሕግ ማስጠበቅ ይቻላል ወይ?

ቀያሹ_ከደላንታ፦
ሰላም ጀማው፣ እንዴት ከረማችሁ። ሥራዬ የመንገድ ቅየሳ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ደላንታ። ሕግ የምታውቁ እርዱኝ።

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት መንገዱን እየቀደዱ ነው። በጋይንት፣ በዘቢጥ፣ በዋድላ አድርገው ጅጣን ወረዱ፣ ደላንታ ወጡ፣ በሽሎን ተሻገሩ። 70 ኩንታል የሚባል መድፍ በሠረገላ ገደል ሲወርድና ሲወጣ አስቡት! ከመኸር እስከ መጋቢት ፈጀባቸው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ የሄደ ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል። መንገዱን ግን የሚጠይቀው የለም።

የእኛ ሰፈር ሰው የቴዎድሮስ መንገድ የሚለው ቁራጭ አለ። ታች በኩል ደረቅ ካብ፣ ላይ በኩል የተቆረጠ አለት። የእግር መንገድ ቢሆን ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር፤ ይሄ ግን ይጠመዘዛል፣ ተዳፋቱንም እኩል እየጠበቀ ነው የሚሄደው። ጎማ ያለው ነገር እንዲያልፍበት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ቆሞ ማየት ይበቃል። አሁን በዚያው ፒስታ ሊቆረጥ ነው ይባላል። ዶዘር ከገባ ካቡ በአንድ ቀን ገደል ይገባል። አሜሪካኖች ሩት 66 ለሚሉት አሮጌ መንገዳቸው ሕግ አውጥተውለታል አሉ። እኛስ?

የሕግ_ሰው_ደሴ፦
ወንድሜ፣ የእነሱን በቅደም ተከተል እንየው፤ የሚጠቅምህ እሱ ነው። ሩት 66 ከቺካጎ ሳንታ ሞኒካ የሚደርስ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ተከፍቶ በ1985 ከአውራ ጎዳናነት ተሰረዘ። በ1990 የወጣው ሕግ ጠብቁት አላለም፣ አጥኑት ነው ያለው፤ ጥናቱም ለብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተሰጠ። የጥበቃው ሕግ በ1999 መጣ፤ ለአሥር ዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደ። ገንዘቡ መንገዱን ለመዝጋት አይደለም፤ ዳር ዳሩን ያሉ አሮጌ ማደያዎችና ሞቴሎች ታደሱበት።

እኛ ጋ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ርዕሱ ራሱ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ነው። የማይንቀሳቀስ ቅርስ ብሎ ሲዘረዝር ሕንፃ፣ ሐውልት፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ይጠራል፤ መንገድን በስሙ አይጠራም። ታሪካዊ ቦታ በሚለው ግን ይገባል ባይ ነኝ። ሌላው 839/2006 ነው፤ ቅርስን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። የአንተ መንገድ ከደቡብ ጎንደር ተነስቶ በሰሜን ወሎ አልፎ ደቡብ ወሎ ይገባል። አንዱ ወረዳ መዝግቦት ጎረቤቱ ቢያርሰው ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ቁራጯን ሳይሆን መስመሩን በሙሉ ይዘህ ቅረብ። ካርታ የሌለው ማመልከቻ መዝገብ ቤት ነው የሚያድር።

ሐረጎ_ጠመዝማዛ፦
ከተጀመረ አይቀር የጣሊያኑንም ጨምሩት። ከኮምቦልቻ ደሴ ስንወጣ ስንቱን ያስመለሰን ሐረጎም እኮ ታሪክ ነው!

አያ_የበሽሎው፦
ልጄ፣ ካቡን ማን እንደሚያፈርሰው ልንገርህ፤ እኛው ነን። ለማሳ ድንበር፣ ለበረት፣ ለቤት መሠረት ወስደነዋል። ማንም ቅርስ ነው ብሎ ነግሮን አያውቅም። አሁን ደግሞ ቅርስ ነው ብላችሁ መጥታችሁ መሬታችንን እንዳትከልሉት እንፈራለን። ይሄን ሕጋችሁ ምን ይላል?

የሕግ_ሰው_ደሴ፦
አያ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። አዋጁ የተከለለ ቦታ የሚባል ነገር አለው፤ እዚያ ከደረሰ ግንባታም ቁፋሮም ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥናቱ ላይ ባለማሳው ከመጀመሪያው ይግባበት፤ ካለቀ በኋላ ተጠርቶ ፈርም ቢባል ትርፉ ጠብ ነው።

ቀያሹ_ከደላንታ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ገባኝ። ሐረጎ፣ አንተ ለጣሊያኑ የራስህን ጥያቄ ክፈት፤ እሱ አስፋልት ለብሶ መኪና ይመላለስበታል፣ የኔ ዶዘር እየጠበቀ ነው። ጥር ላይ ሳሩ ሲደርቅ ካቡ ስለሚታይ ከጅጣ አፋፍ እስከ በሽሎ በጂፒኤስ እየተጓዝኩ መስመሩን እይዛለሁ። አያ፣ ድንበር የሆነውን ካብ አልነካብዎትም፣ ወላሂ። እርስዎ ጋ መንገዱ ሳይታረስ የቀረበት ቦታ ካለ ግን ከአለቱ እስከ ካቡ ስንት ክንድ እንደሚሰፋ ለክተው ይጻፉልኝ። ሠረገላው ምን ያህል እንደነበር ከእሱ ላወጣው እፈልጋለሁ።